ሰርሳሪ ሌባ፦ የንብረት ወንጀለኛ ወይስ የኃይል?

«ሰርሳሪ» የሚለው ቃል በራሱ የታሪክ ሰነድ ነው። ሰርሳሪ ማለት በር የሚገነጥል አይደለም፤ በመስኮት የሚዘልም አይደለም። ግድግዳ የሚበሳ ነው። የጭቃ ቤት ምርጉ ተፈርፍሮ፣ ማገሩ ተቆርጦ፣ አንድ ሰው በደረቱ ተስቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሲከፈት ያ ሥራ መሰርሰር ይባላል። ዛሬ ሌባው ቆርቆሮ ገልጦ ቢወርድ ወይም ቁልፍ አስቀርጾ ቢገባም ያው ሰርሳሪ ነው የምንለው። ቤቱ ብሎኬት ሆነ፤ ቃሉ ግን ጭቃ እንደሆነ ቀረ።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸ ነው። ማንንም ሳይመታ፣ ማንንም ሳያስፈራራ፣ ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ ይዞ የወጣ ሰው የሠራው ወንጀል የኃይል ወንጀል ይባል ወይስ የንብረት? «ሌባ ሌባ ነው፤ ስሙ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ይፈይዳል እንጂ! በአሜሪካን አገር ይኸ ስም በአንድ ተከሳሽ ላይ ቢያንስ 15 ዓመት እስራት ይጭንበታል ወይም ያነሳለታል። በዚያው አገር አጥር ሲዘል የነበረ የ15 ዓመት ልጅ በጥይት መመታቱ ሕጋዊ ነው አይደለም የሚለው ክርክርም የዞረው በዚሁ ስም ዙሪያ ነው። ስለዚህ ስሙ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠውና ለምን እንደሰጠው ማየት የሥራ ፈት ጨዋታ አይሆንም። (የውጭ አገሩን ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የኛዎቹን ሕጎች ግን በራሳችን።)

የጥንቶቹ ሕግ ጻፊዎች ነገሩን ባጭሩ ነው የቆረጡት፤ በሞት። ከ3,700 ዓመት በፊት ገደማ በባቢሎን የወጣው የሐሙራቢ ሕግ ቤት የሰረሰረ ሰው በዚያው በሰረሰረው ቀዳዳ ፊት እንዲገደል ያዛል። በቤቱ ውስጥ ማን ነበረ? ምን ተወሰደ? አይልም። ቀዳዳው ምስክርም መቀጫ ቦታም ሆነ ማለት ነው።

ኦሪት አንድ ነገር ጨመረችበት፤ ፀሐይን። ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ ሌባው ሲሰረስር ተይዞ ቢመታና ቢሞት፣ የመታው ሰው የደም ዕዳ የለበትም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን ዕዳው አለበት። ሌባው የሰረቀውን ይክፈል፣ የሚከፍለው ከሌለውም ይሸጥ እንጂ ደሙ አይፈስስም። ልብ በሉ፣ ስርቆቱ ያው ነው፤ ቀዳዳውም ያው ነው። የተለወጠው ብርሃኑ ብቻ ነው። በብርሃን ሰውየው ማን እንደሆነ ይታያል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ዳኛ ዘንድ ይደረሳል። በጨለማ ግን ባለቤቱ የሚያየው ሰው ሳይሆን ጥላ ነው፤ ጥላ ደግሞ ምን እንደያዘ አይታወቅም። ሮማውያንም በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ባወጧቸው በአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች እዚሁ ላይ ደርሰዋል፦ የሌሊት ሌባን የገደለ በሕግ ገደለ፤ የቀን ሌባ ግን በመሣሪያ ካልተከላከለ በቀር አይገደልም።

ነገሩን ከማንም በላይ በጥልቀት የመረመሩት የአይሁድ ሊቃውንት ይመስሉኛል። በ200 ገደማ በተሰበሰበው ሚሽና ውስጥ ሰርሳሪ የሚዳኘው በመጨረሻው ነው የሚል ደንብ አለ። ማለትም ስላደረገው ሳይሆን ወደፊት ሊያደርገው ስለሚችለው። ራቫ የተባለው የአራተኛው ክፍለ ዘመን የባቢሎን ሊቅ ምክንያቱን ሲያስረዳ አካሄዱ እንዲህ ነው። ሰው ንብረቱ ሲወሰድ እጁን አጣጥፎ አይመለከትም። ሌባውም ይኸን ያውቃል። ስለዚህ ገና ከቤቱ ሲነሳ «ከተጋፈጠኝ እገድለዋለሁ» ብሎ ቆርጦ ነው የሚነሳው። በሉ እንግዲህ፣ ይኸን ሎጂክ ማን ይሰብረዋል? የሰበሩት ራሳቸው ሊቃውንቱ ናቸው። አባት የልጁን ቤት ሲሰረስር ቢገኝ ልጁ ሊገድለው አይችልም አሉ፤ አባት በልጁ ላይ እንደማይጨክን የታወቀ ነውና። ግምቱ ከታወቀ እውነት ጋር ሲጋጭ የሚወድቀው ግምቱ ነው ማለት ነው። ይኸን «ግምት» የሚባል ነገር አደራ አትርሱት፤ ከ1,600 ዓመት በኋላ ኮትና ከረባት ለብሶ ዋሽንግተን ላይ እናገኘዋለን።

ከዚያ በፊት ግን በእንግሊዝ በኩል ማለፍ ግድ ነው፤ የአሜሪካን ሕግ የወጣው ከእንግሊዝ ማኅፀን ነውና።

በእንግሊዞች ዘንድ ቤት ሰርሳሪነት፣ እነሱ «በርግለሪ» የሚሉት፣ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የስርቆት ዘመድ ቢሆንም ስርቆት አይደለም። ሕግ ዐዋቂው ዊልያም ብላክስቶን በ1769 ባወጣው የመጽሐፉ አራተኛ ቅጽ ውስጥ አራት ነገሮች መሟላት እንዳለባቸው ይዘረዝራል፦ ጊዜው ሌሊት፣ ቦታው መኖሪያ ቤት፣ አገባቡ ሰብሮ፣ ሐሳቡም ከባድ ወንጀል ለመሥራት። የሚጥመው ግን ዝርዝሩ ነው። ሌሊት ማለት ምንድነው? የሰው ፊት ለመለየት የሚያስችል የቀን ብርሃን ሲጠፋ ነው። የጨረቃ ብርሃንስ? አይቆጠርም። ለምን ቢሉ የወንጀሉ ክፋት ከጨለማው ሳይሆን ፍጥረት ሁሉ ከሚያርፍበት፣ ባለቤቱም በእንቅልፍ መከላከያውን ከተቀማበት ሰዓት የሚመጣ ስለሆነ ነው። መስበርስ? መቀርቀሪያ ማንሳት እንኳ መስበር ነው። ክፍት በተተወ በር መግባት ግን መስበር አይደለም፤ ባለቤቱ ሞኝነቱን ይጠይቅ። በጭስ ማውጫ መውረድ ደግሞ መስበር ነው! ጭስ ማውጫ ተፈጥሮው በሚፈቅደው መጠን የተዘጋ ነገር ነውና። መግባትስ? እጅን ወይም ሜንጦን በመስኮት ሾልኮ ማስገባት ይበቃል።

ይኸ ሁሉ ቧልት ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። በእያንዳንዱ ቃል ጫፍ ላይ ገመድ ተንጠልጥሏል። የበርግለሪ ቅጣት ስቅላት ነበር። በመካከለኛው ዘመን አንብቦ የሚያውቅ ወንጀለኛ «ካህን ነኝ» ብሎ ከገመድ የሚያመልጥበት መንገድ ነበረው፤ በ1576 ይኸ መንገድ ለቤት ሰርሳሪዎች ተዘጋ። በ1713 ደግሞ ከመኖሪያ ቤት 40 ሽልንግ ወይም ከዚያ በላይ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀ፣ ሳይሰብርም ቢሆን፣ እንዲሰቀል ታወጀ። ያኔ ዳኝነት የተቀመጡት ተራ ዜጎች ምን አደረጉ? ዕቃውን አራክሰው ይገምቱ ጀመር። ብዙ ፓውንድ የሚያወጣ ዕቃ በመዝገቡ ላይ 39 ሽልንግ ይሆናል። አንዲት ሽልንግ፣ አንዲት ነፍስ። ብላክስቶን ይኸን የጽድቅ የሐሰት መሐላ ብሎታል። ሕጉ የሰዎችን ኅሊና ሲቀድም ሰዎቹ ሕጉን በውሸት አለዘቡት ማለት ነው፤ በበኩሌ ከዚያ ዘመን ፍርድ ቤቶች ታሪክ እንደዚህ የምወደው ነገር የለም።

ለኛ ጥያቄ ትልቁ ዓመት ግን 1837 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ቤት ሰርሳሪነትን ለሁለት ሰነጠቀው። ገብቶ በቤቱ ውስጥ ያለን ሰው ለመግደል የሞከረ፣ የወጋ፣ ያቆሰለ ወይም የደበደበ ሞት ተፈረደበት። እንደዚያ ያላደረገው ግን ከስቅላት ወጥቶ ወደ ባሕር ማዶ መጋዝ ሆነ ቅጣቱ። እዚያው ሕግ ላይ የሌሊት ነገርም መላ ተበጀለት፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት ሌሊት ነው ተባለ። ከእንግዲህ የሰው ፊት መታየት አለመታየቱ ቀርቶ ሰዓት ማየት ሆነ። ያንኑ ዕቃ በሁለት ሰዓት ተኩል የሰረቀና በሦስት ሰዓት ተኩል የሰረቀ ሁለት ዓይነት ወንጀለኞች ናቸው። ብዙ ቆየ ይኸ ነገር። በ1968 የወጣው የስርቆት ሕግ ነው ሌሊቱንም መስበሩንም አንድ ላይ ሰርዞ፣ ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻ መሠረት ያደረገው። ጠመንጃ፣ ሌላ መሣሪያ ወይም ፈንጂ ይዞ ለሚገባው ደግሞ ለብቻው ከባድ በርግለሪ የሚል አንቀጽ አቆመ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሌሊቱ በሕጉ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? እንደኔ የሰው ምትክ ነበር። ሌሊት ሰው ቤቱ ነው፤ ተኝቷል፤ ልጆቹም አጠገቡ ናቸው። «በሌሊት» ሲባል «ሰው ባለበት» ማለት ነበር። «መኖሪያ ቤት» የሚለውም እንዲሁ። ሕጉ ሌሊቱን ሲያወጣ ሰውየውን አብሮ አወጣው፤ ፍርሃቱን ግን እዚያው ተወው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

አሜሪካኖች በየክፍላተ ሀገራቸው ሕጉን ሲለጥጡት ኖሩ። ቀኑም ገባ፣ ሱቁም ገባ፣ መጋዘኑም ገባ። በአንዳንዶቹ መኪናም ገባ። ሳንቲም ሲከተቱበት ዕቃ የሚሸጥ ማሽን መፈልቀቅ በርግለሪ የሆነበትም ክፍለ ሀገር አለ። (ለስላሳ መጠጥ የሚተፋ ሣጥን በእንቅልፍ መከላከያውን ሊቀማ አይችልም መቼም!) በዚያው አገር በ1930 የፌዴራሉ ፖሊስ፣ ኤፍ ቢ አይ፣ የወንጀል ቆጠራውን ሲጀምር ቤት ሰርሳሪነትን ቆጥሯል። በቆጠራው አከፋፈል የኃይል ወንጀል የሚባሉት ነፍስ ግድያ፣ አስገድዶ መድፈር፣ ዝርፊያና ከባድ ድብደባ ናቸው፤ ቤት ሰርሳሪነት ከስርቆትና ከመኪና ስርቆት ጎን በንብረት ወንጀል በኩል ነው የተቀመጠው። እንግዲህ ቆጣሪው መንግሥት ንብረት ይላል። ፈራጁ መንግሥትስ?

ኦክቶበር 3 ቀን 1974፣ ሜምፊስ፣ ቴነሲ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ሁለት ፖሊሶች «ጎረቤት ቤት ሰብረው እየገቡ ነው» ተብለው ይጠራሉ። አንደኛው በጓሮ ዞረ። በር ሲመታ ሰማ፤ አንድ ሰው ግቢውን አቋርጦ ሲሮጥም አየ። የሸሸው ሰው ቁመቱ ስድስት ጫማ የሚሆን የሽቦ አጥር ሥር ቆመ። ፖሊሱ ባትሪ አበራበት። ፊቱን አየ፤ እጆቹን አየ። መሣሪያ አላየም፤ ባዶ እጁን ለመሆኑም ከሞላ ጎደል እርግጠኛ እንደነበረ ኋላ ራሱ መስክሯል። «ፖሊስ! ቁም!» አለ። ልጁ አጥሩን መውጣት ጀመረ። ካመለጠ አላገኘውም ብሎ ፖሊሱ ተኮሰ፤ ጥይቱ የራስ ቅሉን ከኋላ መታው። ልጁ ሐኪም ቤት ደርሶ ሞተ። 15 ዓመቱ ነበር፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። ከቤቱ የተወሰደ አንድ የእጅ ቦርሳና 10 ዶላር ተገኘበት።

የሰው ፊት የሚታይበት ብርሃን ስለነበረ ብላክስቶን ምን ይል ነበር? መልሱ አይጠፋም፤ የባትሪ ብርሃን የቀን ብርሃን አይደለም። ግን የኦሪቷን ፀሐይ ያሰበ ሰው ከዚህ ባትሪ ፊት ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል።

የቴነሲ ሕግ ፖሊስ የሚሸሽን ከባድ ወንጀለኛ ለመያዝ አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርግ ይፈቅድ ነበር፤ መግደልንም ጨምሮ። ይኸም ከእንግሊዝ የመጣ ነው፤ ከባድ ወንጀል ሁሉ በስቅላት በሚያስቀጣበት ዘመን ሸሺውን መግደል ፍርዱን ማስቀደም እንጂ ሌላ አልነበረም። የልጁ አባት ከሰሱ። ክሱ ከታች ፍርድ ቤት ተነስቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ማርች 27 ቀን 1985 «ቴነሲ በጋርነር ላይ» በሚባለው መዝገብ ተወሰነ። ስድስት ዳኞች ለሦስት። የአብላጫውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ባይረን ኋይት ናቸው። ሸሺው ለፖሊሱ ወይም ለሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር ፖሊስ ሊገድለው አይችልም አሉ። ቤት ሰርሳሪነትስ ራሱ በቂ ምክንያት አይሆንም ወይ? ከባድ ወንጀል መሆኑን አምነው፣ ይኸን ያህል አደገኛ ነው ለማለት ግን አይበቃም ብለው መለሱ። ኤፍ ቢ አይም የሚቆጥረው ከንብረት ወንጀል ጋር ነው አሉ። ከፍትሕ ሚኒስቴሩ የስታቲስቲክስ ቢሮም ቁጥር ጠቀሱ፦ ከ1973 እስከ 1982 በነበሩት አሥር ዓመታት ከቤት ሰርሳሪነት ድርጊቶች ሁሉ በሰው ላይ ኃይል የታየባቸው 3.8 ከመቶ ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ተቃውሞው እንሂድ፤ ያልተቀበሉትን ወገን አለማንበብ የሰነፍ ተማሪ ሥራ ነውና። የተቃውሞውን ሐሳብ የጻፉት ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ናቸው፤ በዚያ ፍርድ ቤት ወንበር የመጀመሪያዋ ሴት። የጠቀሱት ያንኑ የስታቲስቲክስ ጥናት ነው! በቤት ውስጥ ከሚፈጸመው አስገድዶ መድፈር ከአምስት ሦስት እጁን፣ በቤት ውስጥ ከሚፈጸመው ዝርፊያም ከአምስት ሦስት እጁን፣ ከከባድና ከቀላል ድብደባው ደግሞ ሲሶ ያህሉን የሚፈጽሙት ቤት ሰርሳሪዎች ናቸው። በእነዚያው አሥር ዓመታት በድምሩ 2.8 ሚሊዮን።

ታዲያ ማን ዋሸ? ማንም። ኋይት ከሌባው ተነስተው ወደ ተጎጂው ይቆጥራሉ፤ ኦኮነር ከተጎጂዋ ተነስተው ወደ ሌባው። መቶ ሰርሳሪ ብትይዙ ዘጠና ስድስቱ ሰው አልነኩም። በገዛ ቤቷ የተደፈረችን ሴት «ማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን መልሷ ብዙ ጊዜ «ሰብሮ የገባ» ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ጥያቄው ሕግ የትኛውን እውነት ይዞ አንድን ሰው ይቀጣል የሚል ነው። በበኩሌ እዚህ ላይ ከኋይት ጋር ነኝ፤ ምክንያቱም ፍርድ ቤት የሚቆመው ሰውየው ነው፤ ስታቲስቲክሱ አይደለም። አጥሩ ላይ የነበረው ልጅ ከዘጠና ስድስቱ ይሁን ከአራቱ ለማወቅ ባትሪና የአንድ ደቂቃ ትዕግሥት ይበቃ ነበር። ይኸን ስል ኦኮነር የቆጠሯቸውን ሴቶች ወደ ጎን መግፋቴ አይደለም፤ እመለስባቸዋለሁ።

ያ «ግምት» ያልነው ሰውዬ ኮትና ከረባት ለብሶ የሚመጣው አሁን ነው። በ1984 የአሜሪካን ኮንግረስ አንድ ሕግ አወጣ፦ ቀደም ሲል ሦስት ጊዜ በዝርፊያ ወይም በቤት ሰርሳሪነት የተቀጣ ሰው ጠመንጃ ይዞ ከተገኘ ቢያንስ 15 ዓመት ይታሰራል። በ1986 ተሻሻለና «የኃይል ከባድ ወንጀል» የሚል ስም ገባበት፤ ቤት ሰርሳሪነትም በስም ተጠርቶ በዚያ ውስጥ ተመዘገበ። ኃይል የት አለ ቢባል፣ ሊኖር ይችላል ነው መልሱ፤ የገባው ሰው ከባለቤቱ ጋር ቢገናኝ ነገሩ ደም ሊያፋስስ ይችላል። ራቫ በባቢሎን ያለው ነው እኮ! ልዩነቱ የአይሁድ ሊቃውንት ለአባት በር መተዋቸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የፍርድ ቤቶች ታሪክ ልብ ያደክማል፤ አሳጥሬ ልለፈው። በ1990 በቴይለር መዝገብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ክፍላተ ሀገሩ የፈለጉትን ስም ቢሰጡት፣ ለዚህ ሕግ በርግለሪ ማለት ወንጀል ለመሥራት አስቦ ያለ መብት ሕንፃ ውስጥ መግባት ወይም መቆየት ነው አለ። ሰው ይኑርበት አይኑርበት አልተጠየቀም። ሌሊቱም የለም። ዳኛው እንዲያይ የታዘዘውም ተከሳሹ ያኔ ያደረገውን ሳይሆን የተቀጣበት አንቀጽ የተጻፈበትን ቃል ነው። በዚህ የተነሳ በ2016 የአይዋ ክፍለ ሀገር አንቀጽ የየብስ፣ የውሃና የአየር መጓጓዣን ስለሚጨምር ከሕጉ ሰፋ አለ ተብሎ ወጣ፤ በ2018 ደግሞ ሰው የሚያድርበት ተሽከርካሪ ከሆነ ይቆጠራል ተባለ። አንዱ 15 ዓመት የሚታሰረው ሌላው የማይታሰረው፣ የክፍለ ሀገሩ ሕግ ረቂቅ ጸሐፊ ከብዙ ዓመት በፊት በመረጠው ቃል ነው ማለት ነው። የእንግሊዙ 39 ሽልንግ ይሻላል። እሱ ቢያንስ የሰው ርኅራኄ ነበረበት።

በዚያው በ2016 የፌዴራሉ የቅጣት መመሪያ ኮሚሽን አብዛኛው ቤት ሰርሳሪነት በሰው ላይ ኃይል የማይደረግበት መሆኑን ጠቅሶ፣ የመኖሪያ ቤት ሰርሰራን ከ«ኃይል ወንጀሎች» ዝርዝሩ ሰረዘ። ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ግን አልተነካም። አንድ መንግሥት፣ አንድ ወንጀል፣ ሁለት ስም!

የኛስ ሕግ? ብዙዎቻችን ሳናውቀው የተሻለ መንገድ ይዟል ባይ ነኝ። ስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ «በርግለሪ» የሚባል አንድ ወጥ ወንጀል የለውም። ድርጊቱን ይበትነዋል። ሰብሮ ገብቶ የሰረቀ ስርቆቱ ይከብድበታል፤ ይኸ ከንብረት ጋር ነው። ለመስረቅ ሲል በሰው ላይ ኃይል የተጠቀመ ወይም ክፉኛ ያስፈራራ እንደሆነ ውንብድና ይሆናል። የሰውን መኖሪያ መድፈር ደግሞ ለብቻው ወንጀል ነው፤ የተቀመጠውም ከንብረቱ መጽሐፍ ውስጥ ሳይሆን በግለሰብና በቤተሰብ ላይ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች በሚናገረው መጽሐፍ፣ ከነፃነት ጋር ነው። ቤት ከሰውየው አካል ወገን ተቆጠረ ማለት ነው፤ ከሶፋውና ከቴሌቪዥኑ ወገን አልተቆጠረም።

ሕጉ እንዲህ ቢልም ሰፈሩ ሌላ ሕግ አለው። «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ሲነሳ ከየግቢው ዱላ ይዞ የሚወጣ ሰው ስንተኛው አንቀጽ ነው ብሎ አይጠይቅም። ጀምበር ሞቅ ብላም፣ የሌባው ፊት ታውቆም፣ እጁ ላይ ያለው ካልሲ መሆኑ ታይቶም ድብደባው አይቆምም። «አርፎ ቢሠራስ?» «ሰው ቢኖር ይገድል ነበር እኮ!» ይባላል። ቢኖር፣ ይገድል ነበር። ኮንግረሱም ሰፈሩም የሚናገሩት በአንድ ሰዋስው ነው።

አሁን ኦኮነር ወደ ቆጠሯቸው ሴቶች ልመለስ። በ2010 የወጣ ሌላ የዚያው የስታቲስቲክስ ቢሮ ዘገባ ከ2003 እስከ 2007 ያለውን ጊዜ መርምሯል። በዓመት 3.7 ሚሊዮን ያህል የቤት ሰርሰራ ነበር። ቤተሰብ ቤት ውስጥ የነበረው በ28 ከመቶው ነው። ሰው ከነበረባቸው ውስጥ በ26 ከመቶው በሰው ላይ የኃይል ወንጀል ደርሷል፤ ከጠቅላላው ሲሰላ 7 ከመቶ ገደማ። ከዚህ የሚበልጥ ነገርም አለው ዘገባው፦ ኃይል በታየባቸው ሰርሰራዎች 65 ከመቶ የገባው ሰው ተጎጂው የሚያውቀው ሰው ነው። እንግዳ የነበረው 28 ከመቶ።

ይኸ ቁጥር የድሮውን ሥዕል ይገለብጠዋል። ሐሙራቢም፣ ብላክስቶንም፣ ኮንግረሱም የሣሉት ፊቱ የማይታወቅ የጨለማ ሰው ነበር፤ ለዕቃ መጥቶ፣ ሲነቃበት የሚገድል። ቁጥሩ የሚያሳየው ግን ብዙ ጊዜ ደም የሚያፈስሰው ፊቱ የታወቀ ሰው መሆኑን ነው፤ የተለየችው ሴት ቤት በር ገንጥሎ እንደሚገባ የቀድሞ ባል ያለው። ያ ሰው ለቴሌቪዥን አይደለም የመጣው፤ ለሷ ነው። እሱን «ሰርሳሪ» ብሎ ከባዶ ቤት ሌባ ጋር አንድ ዝርዝር ውስጥ መጻፍ ሁለቱንም ይበድላል። የሱን ሥራ ያሳንሰዋል፤ የሌባውን ያገዝፈዋል።

ስለዚህ ድንበሩ መሰመር ያለበት ሰው ባለበት ላይ ነው ባይ ነኝ። ካሊፎርኒያ ወደዚህ ቀርባለች። ከ2000 ጀምሮ እዚያ የመኖሪያ ቤት ሰርሰራ የኃይል ወንጀል የሚሆነው ከሌባው ግብረ አበር ሌላ የሆነ ሰው ቤቱ ውስጥ ሲኖር ነው። ፍጹም አይደለም፤ ተኝታ ያልሰማችውና ደረቷ ላይ ቢላ የተደረገባት በአንድ ሚዛን ይገባሉ። ግን ቢያንስ የድሮውን ሌሊት ትርጉሙን መልሶለታል።

«ሌባው ሲገባ ሰው መኖር አለመኖሩን በምን ያውቃል? ዕድሉን እየሞከረ አይደለም ወይ?» የሚል ክርክር ይነሳል፤ ጠንካራ ክርክር ነው። ዕድሉን መሞከሩ እውነት ነው፤ ለዚያም ነው ሰብሮ መግባት ከተራ ስርቆት በላይ የሚያስቀጣው። መቀጫው እዚያው አለ። በዚያ ላይ «ኃይለኛ» የሚል ስም መደረብ ላልሆነ ነገር ሁለተኛ ማስከፈል ነው።

ባዶ ቤቷ የተሰበረባት ሴት ደግሞ ምንም አልደረሰባትም ማለት አይደለም። ዕቃው አንድ በአንድ ቢመለስላት እንኳ ቁልፍ ትቀይራለች፣ ማታ ማታ የቆርቆሮውን ድምፅ ታዳምጣለች፣ የተነካውን ልብስ አውጥታ ታጥባለች። ይኸ ጉዳት ከንብረቱ ግምት ውስጥ አይገባም፤ ድብደባም አይደለም። መኖሪያን ስለ መድፈር የሚናገረው የሕጋችን አንቀጽ 604 ስሙን አውጥቶለታል፤ ዐቃቤ ሕግ ስርቆቱን ሲከስ ያንንም አብሮ የሚከስ ከሆነ።